አደይ አበባ ስንት ናት?

ከአደይ አበባ ሳይንሳዊ ስም ጀርባ ሦስት ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል። የዕፅዋት ተመራማሪዎች የአንድን ተክል ስም አሟልተው ሲጽፉ ስሙን ያወጡለትን ሰዎች ማስከተል ልማዳቸው ነው። ስለዚህ በደጋና በወይና ደጋ ከምናውቃቸው አደዮች አንዷ እንዲህ ተብላ ትመዘገባለች፦ ቢደንስ ማክሮፕቴራ (ሹልትዝ ቢፖንቲኑስ ኤክስ ኪዮቬንዳ) መስፍን። የመጀመሪያው ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ሁለተኛው ጣሊያናዊ ነው። ሦስተኛው ዶክተር መስፍን ታደሰ ናቸው፤ ፈረንጆቹ በቤተሰብ ስማቸው ሲገቡ እሳቸው እንደ አገራቸው ልማድ በራሳቸው ስም በዓለም የዕፅዋት መዝገብ ገብተዋል።

ቅንፏ ያለ ምክንያት አልተቀመጠችም። በቅንፍ ውስጥ ያሉት ሰዎች ተክሏን መጀመሪያ በሌላ ወገን (ጂነስ) ሥር አስገብተዋት ነበር፤ ከቅንፍ ውጭ ያለው ከዚያ አውጥቶ ዛሬ ወዳለችበት ያዛወራት ነው። በአንዲት መስመር ውስጥ እንግዲህ ክርክር አለ፣ የተሻረ ፍርድ አለ፣ ይግባኝም አለ። ጉዳዩ እልባት እስኪያገኝ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ክርክሩ የተነሳው በአበባዋ አይደለም። በአበባዋማ ማን ይከራከራል? ጳጉሜን ሲያበቃ ሜዳው፣ የእርሻው ዳር፣ የድንጋይ ካቡ ሥር፣ የገደሉ አፋፍ ሁሉ ቢጫ ይለብሳል። ልጃገረዶች አበባዮሽ ሊሉ ይወጣሉ። አደይ ከቄጤማ ጋር እየታሰረች በየመንገዱ ዳር ትሸጣለች፣ ደመራው ላይ ትሰካለች። ከመስቀል በኋላ ግን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። በጥቅምት ቢጫው ይረግፋል፤ በኅዳር የቀረው ደረቅ አገዳና ጫፉ ላይ የተሰበሰበ ጥቁር ነገር ነው። እሱ ዘሯ ነው። ይህች አበባ ማን እንደሆነች የሚናገረውም እሱ ብቻ ነው።

አደይ የአንድ ክረምት ፍጥረት ናት። ዘሯ በጋውን ሙሉ አፈር ላይ ደርቆ ይቆያል፤ ዝናቡ ሲጥል ይበቅላል። በሐምሌ ቅጠሏ የተሰነጣጠቀ፣ ከሌላው አረም ብዙም የማትለይ ቡቃያ ናት። በነሐሴ ቁመቷ ይመዘዛል። ዝናቡ ሊወጣ ሲል ታብባለች፣ ዘሯን ትበትናለች፣ ከዚያ ከነሥሯ ትደርቃለች። የከርሞዋ አደይ የዘንድሮዋ ልጅ እንጂ ራሷ አይደለችም። ብዙ ዓመት የሚኖር ተክል ዘንድሮ ባያፈራ ከርሞ ያፈራል፤ አደይ ይህ ዕድል የላትም። ያላት ሀብት ሁሉ ዘሯ ላይ ነው።

አሁን ወደ አድዋ እንሂድ፤ ጦርነቱ ከመሆኑ 59 ዓመት በፊት። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በ1837 ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ ትግራይ ገባ። የላከው ኤስሊንገን በምትባል የደቡብ ጀርመን ከተማ የተቋቋመ የተጓዦች ማኅበር ነበር። የማኅበሩ አሠራር ቀላል ነው፦ አባላቱ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ተጓዡ ዕፅዋት ሰብስቦ፣ አድርቆ፣ ጠርዞ ይልካል፤ የመጣው ለአባላቱ ይከፋፈላል። ሁሉም ድርሻውን እንዲያገኝ ሺምፐር ከአንድ ተክል አንድ ናሙና ብቻ አይለቅምም፤ በርከት አድርጎ ይለቅማል። ከአንድ ኮረብታ የተነሳች አንዲት ተክል በዚህ መንገድ ብዙ ቅጂ ሆና በአውሮፓ ከተሞች ትበተን ነበር። ይህ የነጋዴ ብልሃት ከመቶ ዓመት በኋላ ሳይታሰብ ባለውለታ ሆኗል፤ እመለስበታለሁ።

ሰውዬው ለጥቂት ጊዜ መጥቶ ቀረ። ኢትዮጵያዊት አገባ። የትግራይ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ እንትጮን ሰጡትና ሹም ሆነ፤ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ የትግራይ ባለ ሥልጣን መሆኑ ነው። በ1855 ውቤ በካሳ ኃይሉ ደራስጌ ላይ ድል ሲሆኑና ካሳ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ ሹመቱም አብሮ ሄደ። ሺምፐር በኋላ ቴዎድሮስ ይዘዋቸው ከነበሩ ሌሎች አውሮፓውያን ጋር መቅደላ ላይ ተገኘ፣ በ1868 እንግሊዞች ሲገቡ ነፃ ወጣ። አገሩ መመለስ ይችል ነበር። ወደ አድዋ ተመለሰና በ1878 እዚያው ሞተ። ከ40 ዓመት በላይ ማለት ነው። በነዚህ ዓመታት የሰበሰባቸው ዕፅዋት ዛሬም ስለ ሰሜን ኢትዮጵያ ለሚጽፍ ሁሉ መነሻ ናቸው።

ሥራው ከውጭ እንደሚመስለው ሽርሽር አልነበረም። በዚያው ዘመን፣ ከ1839 ጀምሮ፣ የፈረንሳይ ልዑክ ከሁለት ሐኪም ተመራማሪዎች ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ካርቴን ዲዮን በ1840 በወባማው ቆላ በንዳድ ሞተ። ጓደኛው ፔቲ በ1843 አባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። የሰበሰቡት ግን ፓሪስ ደረሰ። አሺል ሪሻር የተባለው ሊቅ ያንን ይዞ ከ1847 እስከ 1851 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያን ዕፅዋት የሚዘረዝር ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ።

ለዕፅዋት ሰብሳቢ ደግሞ መስከረም አስቸጋሪ ወር ነው። አበባው ሁሉ የሚፈነዳው ያኔ ነው፤ እርጥበቱ ግን ገና አልለቀቀም። ተክሉ በወረቀት መካከል ተዘርግቶ ይጫናል፤ ወረቀቱ እርጥበቱን ሲጠጣ በደረቅ ይለወጣል፣ ደግሞ ይለወጣል። አንድ ቀን ከተዘናጋ ሻጋታ ይበላዋል። ቢጫው አደይ በደንብ ከደረቀ ቀለሙን ይዞ ይቆያል፤ ካልተጠነቀቁለት ግን ወደ ቡናማ ይሄዳል። በዚያ ላይ ችግር አለ። በመስከረም የተለቀመች አደይ አበባ አላት እንጂ የበሰለ ዘር የላትም። በኅዳር የተለቀመች ዘር አላት እንጂ አበባ የላትም። ተክሏን አሟልቶ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ መሄድ አለበት፤ ወይም እዚያው መኖር አለበት።

ከአድዋ የሚላኩት ጥቅሎች ከሚደርሱባቸው ቦታዎች አንዱ ደይደስሃይም ነበር፣ የጀርመን የወይን አገር። እዚያ ካርል ሃይንሪሽ ሹልትዝ የተባለ የሆስፒታል ሐኪም አለ። በጀርመን ሹልትዝ የሚባል ሰው ብዙ ነው፤ የገዛ ወንድሙ እንኳ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። ስለዚህ ራሱን ለመለየት የትውልድ ከተማውን የጽቫይብሩከንን የላቲን መጠሪያ ጨምሮ ሹልትዝ ቢፖንቲኑስ ተባለ። በወጣትነቱ በፖለቲካ ጉዳይ ታስሯል። ከወጣ በኋላ ቀን በሽተኛ እያየ በትርፍ ጊዜው አንድ ቤተሰብ ብቻ ማጥናት ያዘ፦ ሱፍን፣ ኑግን፣ ግራዋን፣ ሰላጣን የሚያቅፈውን ትልቅ ቤተሰብ። አደይም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ናት። ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም። ነገር ግን ከሺምፐር በመጡት የዚህ ቤተሰብ ናሙናዎች ላይ ሠርቶ ለብዙዎቹ ስም አወጣላቸው። ገበሬዎቻችን መጭ የሚሉትን፣ የኑግ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ባለ ቢጫ አበባ አረም በሰብሳቢው ስም ጊዞሺያ ሺምፐሪ ያለው እሱ ነው። መጭ እያረመ ወገቡ የተቆረጠ ገበሬ ይህን ቢሰማ ለሺምፐር ብዙ የሚያመሰግን አይመስለኝም።

ወደ አደይ ሲመጣ ሹልትዝ ተቸገረ። አንዷን ፕሬስቲናሪያ ብሎ ራሱን የቻለ አዲስ ወገን ፈጠረላት። ሌላዋን ኮሬኦፕሲስ በሚባለው ወገን ውስጥ አስቀመጣት፤ ማክሮፕቴራ አላት፣ ባለ ትልቅ ክንፍ እንደ ማለት። ለዚህች ሁለተኛዋ ስም አወጣላት እንጂ በሕጉ መሠረት መግለጫ ጽፎ አላሳተመላትም። ይህን የፈጸመው ከብዙ ጊዜ በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሮም የነበረው ኤሚሊዮ ኪዮቬንዳ ነው። በስሟ መካከል ያለችው "ኤክስ" የምትባለው ቃል ይህን ነው የምትናገረው፦ አንዱ ስም አወጣ፣ ሌላው አሳተመ።

ግን አንድ ሐኪም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁለት አደዮችን አይቶ እንዴት አንዷን እዚህ፣ አንዷን እዚያ ያደርጋል? መልሱን ለማግኘት አበባዋን መፈልቀቅ ያስፈልጋል።

አደይ አንድ አበባ ትመስላለች፤ አይደለችም። ዙሪያውን የተዘረጉት ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ ሥራቸው ንብ መጥራት ነው፣ ዘር አይሰጡም። መሐል ላይ ያለው ክብ እንብርት በጥፍር ሲከፈት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወጣሉ። እያንዳንዷ ቱቦ ሙሉ አበባ ናት፦ ወንዴም ሴቴም አላት። አንዷን ቱቦ በጥንቃቄ ከመቀመጫዋ ስትነቅሏት ከሥሯ ጠፍጣፋ፣ አረንጓዴ፣ ከስንዴ ፍሬ የቀጠነች ነገር አብራ ትወጣለች። በመስከረም ለስላሳ ናት፤ ብትጫኗት ትደቃለች። በኅዳር ጠቁራ ትጠነክራለች። ያኔ ጠርዟ ይታያል። ከአንዷ አደይ ግራና ቀኝ እንደ ስስ ወረቀት ያለ ክንፍ ይወጣል። የሌላዋ ጠርዝ ወፍራም ብቻ ነው፤ ቢደንስ ፓኪሎማ የምትባለው አደይ ስሟን ያገኘችው በዚህ ወፍራም ጠርዝ ነው። ሜዳ ላይ ጎን ለጎን ቆመው አበባቸውን ብቻ ያየ ሰው አንድ ናቸው ቢል አይፈረድበትም።

የሊቃውንቱ ችግር ይህ ነው። ቢደንስ የሚባለው ወገን የሚታወቀው በተለጣፊ ዘሩ ነው። ከአሜሪካ መጥታ በየጓሯችን የተስፋፋችውን የሰይጣን መርፌን ያላየ የለም፤ ቀጭኗ ጥቁር ዘር ጫፏ ላይ ጥርስ አላት፣ ጥርሱ ወደ ኋላ የተሰካካ እሾህ አለው፣ ሱሪና የበግ ፀጉር ይዞ ይሄዳል። ኮሬኦፕሲስ ደግሞ በአሜሪካ የሚታወቀው ጠፍጣፋ፣ ክንፋም፣ ለመለጠፍ ባልተሠራ ዘሩ ነው። አንዱ በእንስሳ ይጓዛል፣ ሌላው በነፋስ፣ ልዩነቱ ግልጽ ይመስላል። አፍሪካ ሲደርሱ ግን ነገሩ ተምታታ። የኢትዮጵያ ከፍታዎች አደዮች አንዳንዶቹ ክንፍ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም፣ አንዳንዶቹ መካከል ላይ ናቸው። በቀረው ነገራቸው ሁሉ፣ በቅጠላቸውም በአበባቸውም፣ እህትማማቾች ናቸው።

ይህን ሁሉ በአንድ እጁ ለመጨረስ የተነሳ ሰው ተገኘ። የቺካጎው አርል ሸርፍ ነው። ዕድሜውን ከሞላ ጎደል ለነዚህ ሁለት ወገኖች ሰጥቷል፤ በ1936 ስለ ኮሬኦፕሲስ፣ በ1937 ስለ ቢደንስ ግዙፍ ጥናቶችን አሳተመ። የቢደንሱ ብቻ በሁለት ክፍል ከ700 ገጽ በላይ ነው። የዓለምን ናሙና አስልኮ እያንዳንዱን ዘር አየ። በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ተክሎች ላይ ግን ፍርዱ የቀድሞውን ተከተለ፦ ክንፍ ያላቸው ወደ ኮሬኦፕሲስ፣ የሌላቸው ወደ ቢደንስ። እንጦጦ ላይ አብረው የበቀሉ፣ አንድ ንብ የሚጎበኛቸው እህትማማቾች በወረቀት ላይ ሁለት ወገን ሆነው ቀሩ። ሸርፍን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በእጁ የነበረው ማስረጃ ከሩቅ የተላከለት ደረቅ ተክል ነበር።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በማርች 1943 የአውሮፕላን ቦምብ በርሊን ዳህሌም የሚገኘውን ትልቅ የዕፅዋት ሙዚየም አቃጠለው። ሺምፐር የሰበሰባቸው በርካታ ናሙናዎች፣ ስም የወጣባቸው መነሻ ናሙናዎች ጭምር፣ በአንድ ሌሊት አመድ ሆኑ። ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር፤ ያዳነው ያ የኤስሊንገን ማኅበር የማከፋፈል ልማድ ነው። የተበተኑት ቅጂዎች በፓሪስ፣ በለንደኑ የኪው የዕፅዋት ተቋም፣ በሌሎችም ከተሞች ተርፈዋል።

ከጦርነቱ በኋላ በቪየና ጌኦርግ ኩፎዶንቲስ የሚባል ሰው የኢትዮጵያን ዕፅዋት ስም አንድ በአንድ መዘርዘር ጀመረ። ዝርዝሩ ከ1953 እስከ 1972 በየተራ ታተመ። ሹልትዝ ወገን አድርጎ የፈጠራትን ፕሬስቲናሪያን ወደ ቢደንስ የጨመራት እሱ ነው፤ ቢደንስ ፕሬስቲናሪያ ተባለች። ትንሿ መንግሥት ፈርሳ ስሟ ብቻ ቀረ። ፓኪሎማንም ወደዚያው አስገባ። ማክሮፕቴራን ግን አልነካትም፤ ክንፏ አሁንም ኮሬኦፕሲስ አስብሏታል።

እስከዚህ ድረስ በታሪኩ ውስጥ የሚፈርደው ሁሉ ሩቅ አገር ነው ያለው። አዲስ አበባ አራት ኪሎ ያለው፣ የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ብሔራዊ ሄርባሪየም የተመሠረተው በ1959 ነው። በ1980 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የኢትዮጵያን ዕፅዋት ሁሉ መዝግቦ በመጽሐፍ የማውጣት ፕሮጀክት ተጀመረ። ሥራውን በመጀመሪያ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር መሩት፤ በኋላም ሰብስቤ ደምሰውና ሌሎች ይዘውት ቀጠሉ። ከስዊድን በኩል ኢንጋና ኡሎቭ ሄድበርግ የተባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። የአደይን ወገን የወሰዱት መስፍን ታደሰ ናቸው።

ኢትዮጵያ በድርቁ ምክንያት በዓለም ቴሌቪዥን ሁሉ በታየችበት በ1984፣ በኡፕሳላ የመስፍን ጥናት ታተመ። ርዕሱ የሰሜን ምሥራቅ ሐሩራማ አፍሪካን የቢደንስ ወገን ይመለከታል። ውጤቱ ደፋር ነበር። የክንፍ መኖርና አለመኖር ወገን ለመለየት እንደማይበቃ ከፍርዱ ዝርዝር ይታያል፦ በአካባቢው ኮሬኦፕሲስ የተባሉት ሁሉ ወደ ቢደንስ ተዛወሩ። ማክሮፕቴራም እዚያ ገባች፤ "መስፍን" የሚለው ስም ከቅንፉ ውጭ የተጻፈው ያኔ ነው። በ1993 ደግሞ ይኸው ሥራ ሰፍቶ መላውን አፍሪካ ሸፈነ፤ የታተመው በኪው መጽሔት ላይ ነው። ከቺካጎ የወጣውን የ700 ገጽ ፍርድ የሻረው የአገሩን ተክል በመስከረምም በኅዳርም ማየት የሚችል ሰው መሆኑ ለእኔ ድንገተኛ ነገር አይደለም።

ይግባኙን የሚመረምር አንድ ችሎት ገና ቀርቶ ነበር። በ1999 መስፍን ታደሰ ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን የሁለቱን ወገኖች ዘረ መል አነጻጽሮ ውጤቱን አወጣ። በአሜሪካ ያሉት ሳይቀሩ ቢደንስና ኮሬኦፕሲስ በድሮው ድንበር ተለይተው እንደማይቆሙ፣ ሁለቱም ከአንድ ግንድ ብቻ የወጡ ንጹሕ ወገኖች እንዳልሆኑ ታየ። በዘር ክንፍ ላይ የተመሠረተው ድንበር በአፍሪካ ብቻ ሳይሆን በትውልድ አገሩም ላላ። በ2004 የኢትዮጵያ ዕፅዋት መጽሐፍ አራተኛ ቅጽ ሁለተኛ ክፍል ወጣ፤ ከ400 በላይ ዝርያዎች ያሉት ይህ የሱፍና የኑግ ቤተሰብ ሙሉ በሙሉ የተጻፈው በመስፍን ታደሰ ነው። አደዮቹ ሁሉ እዚያ ውስጥ በአንድ ወገን ሥር ተሰብስበው ይገኛሉ። ጠቅላላ ፕሮጀክቱ በ2009 በስምንት ቅጽ ተጠናቀቀ።

ስለዚህ አደይ አበባ ስንት ናት ላለ መልሱ፣ አንድ አይደለችም ነው። ማክሮፕቴራ አለች፣ ፓኪሎማ አለች፣ ፕሬስቲናሪያ አለች፤ ሌሎችም ዘመዶቻቸው በየቦታው በዚሁ ስም ይጠራሉ። ከጎንደር የተለቀመችው አደይና ከባሌ የተለቀመችው አደይ የግድ አንድ ዝርያ አይደሉም። ሕዝቡ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ሕዝቡ የሰየመው ወቅቱን የሚያበስረውን ቢጫ ነው፤ ለዚያ ጉዳይ ሁሉም አደይ ናቸው።

የሚያሳስት ግን አለ። የመስከረም ቢጫ ሁሉ አደይ አይደለም። ከመኪና መስኮት የምናየው የእርሻ መሐል ቢጫ ብዙውን ጊዜ መጭ ወይም ኑግ ነው። ለመለየት ቅጠሉን ማየት ይበቃል፦ የማክሮፕቴራ ቅጠል እንደ ካሮት ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው፤ የመጭና የኑግ ቅጠል ያልተሰነጠቀ፣ ሞላላ፣ አገዳውን ተቃቅፎ የተቀመጠ ነው። በኅዳር ደግሞ ከመጭ የሚራገፈው ትንሽ፣ አንጸባራቂ፣ ክንፍም ጥርስም የሌለው ጥቁር ፍሬ ነው። ንብ ለዚህ ልዩነት ግድ የላትም። ከሁሉም ትቀስማለች፤ በጥቅምትና በኅዳር ከደጋው ቀፎ የሚቆረጠው ማር ዋና ምንጩ እነዚሁ የመስከረም ቢጫዎች ናቸው። ንብ አናቢ ጎረቤት ያለው ሰው አደይ ያላበበችበት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቀው።

አደይ ገላጣ ቦታ ትፈልጋለች። የሰማይ ብርሃን በቀጥታ የሚያገኘው የግጦሽ ዳር፣ ያደረ መሬት፣ ድንጋያማ ተዳፋት መኖሪያዋ ነው። ባሕር ዛፍ በተጠጋጋበት ጥላ ሥር አትገኝም፤ ከብት ዓመቱን ሙሉ በሚውልበት መሬት ላይም ዘር ሳታፈራ ትበላለች። ከተማው ወደ ኮረብታው ሲወጣ የሚወስደው መሬት በአብዛኛው የእሷ ነው። ለበዓል የሚለቀመው እቅፍ ከነዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው እላለሁ፤ ልጆቹን አበባ አትልቀሙ የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም። ከነሥር እየነቀሉ በጭነት ማምጣቱ ግን ሌላ ነው። ዘር ሳታፈራ የተነቀለች የአንድ ዓመት ተክል ለከርሞ የምትተወው የለም።

የባዮሎጂ መምህራን፣ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው። ተማሪዎቻችሁን በመስከረም ሳይሆን በኅዳር አጋማሽ ወደ ትምህርት ቤታችሁ አቅራቢያ ወዳለው ገላጣ ኮረብታ ውሰዷቸው። የደረቀውን የአደይ ራስ በመዳፋቸው ላይ ያራግፉት፤ የዘሩን ጠርዝ በማጉያ መነጽር ይዩ፣ ክንፍ እንዳለውና እንደሌለው ይጻፉ። ጥቂቱን ዘር በወረቀት ጠቅልሉ፤ ወረቀቱ ላይ የቦታውን ስም፣ ቀኑንና ከፍታውን ጻፉ። የቀረውን እዚያው መሬት ላይ በትኑት።